ነፃ የሰርጎ ገብ መከላከያዎችን ለቤት ኮምፒውተር ፈተንኩ፤ ውጤቱን እነሆ፣ እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ናሆም_ጥገና፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሥራዬ የኮምፒውተር ጥገና ነው፤ አዲስ አበባ። ደንበኞቼ ተማሪዎች፣ ትናንሽ ቢሮዎችና ቤተሰቦች ናቸው። ለጥበቃ ሶፍትዌር በየዓመቱ የሚከፍል ከመካከላቸው የለም ማለት ይቻላል፤ መክፈል ቢፈልግም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ካርድ የለውም። ስለዚህ «ነፃ ሆኖ የሚሠራ ምን ልጫን?» የሚለውን ጥያቄ ከሰው የሰማሁትን ደግሜ ከምመልስ ራሴ ልፈትን ብዬ ተቀመጥኩ።

የፈተንኩት አንቲቫይረስ የታወቀ ቫይረስ መያዝ አለመያዙን አይደለም። ያንን ኤቪ ኮምፓራቲቭስና ኤቪ ቴስት ይሠሩታል፤ የእኔ ላፕቶፕ አይችለውም። እኔ የፈለግኩት ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ቢሆን፣ አንቲቫይረሱም ዝም ቢል፣ የሚሠራውን አይቶ የሚያስቆመው አለ ወይ? ሂፕስ የምንለው ይህን ሥራ ነው።

አካሄዴ ይህ ነበር። ቨርቹዋል ቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ ዊንዶውስ 11 ጫንኩ፤ ማይክሮሶፍት ለሙከራ በነፃ የሚሰጠውን የ90 ቀን እትም። ንጹሕ ሳለ ስናፕሾት ወሰድኩ፣ አንዱን ሶፍትዌር ፈትኜ ስጨርስ ወደዚያው እየመለስኩ ቀጣዩን ጫንኩ። ሼርድ ፎልደር አጠፋሁ፣ ኔትወርኩንም ካላስፈለገ በቀር ነቀልኩ። እውነተኛ ቫይረስ አልነካሁም፤ ማንም ቤቱ ውስጥ እንዲነካ አልመክርም። የቫይረስን ጠባይ ብቻ የሚያሳዩ፣ ጉዳት የሌላቸው ትናንሽ ፕሮግራሞች ጻፍኩ። አንዱ ከፍላሽ ላይ የሚነሳ፣ የአሳታሚ ዲጂታል ፊርማ የሌለው ፕሮግራም ነው። አንዱ ዶክመንትስ ውስጥ ያሉ ፋይሎችን በጅምላ እየከፈተ ይዘታቸውን ይለውጣል። አንዱ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ ራሱን ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ ያስመዘግባል። የመጨረሻው፣ ለእኛ አገር ዋነኛው የምለው፣ የፎልደር ምስል ለብሶ ፍላሽ ላይ የሚቀመጥ ሾርትከት ነው። ሲነካ ከጀርባ ስክሪፕት (በጽሑፍ የተቀመጠ የትእዛዝ ዝርዝር) ያስነሳል።

ለምን ሾርትከት? ፎቶኮፒ ቤት ፍላሹን ሰክቶ የሚያውቅ ሁሉ መልሱን ያውቃል። ድሮ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራሙ በራሱ ይነሳ ነበር። ዊንዶውስ 7 ያንን ለፍላሽ ዘጋው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 ማይክሮሶፍት ለኤክስፒና ለቪስታም በአፕዴት አዳረሰው። ቫይረሶቹ ታዲያ መንገድ ቀየሩ። እውነተኛዎቹን ፋይሎች ይደብቁና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣሉ። ባለቤቱ የራሱን ፎልደር የከፈተ መስሎት በገዛ እጁ ያስነሳቸዋል።

ወደ ውጤቱ።

ዲፌንደር (ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣው አንቲቫይረስ) ምንም ሳይነካ፣ እንዳለ፦ ሁሉንም አሳለፈ። ፕሮግራሞቹ ጉዳት ስለሌላቸው አይደንቅም፤ መነሻ እንዲሆነን ነው ያስቀመጥኩት።

ዲፌንደር «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» በርቶ፦ ይህ የተመረጡ ፎልደሮችን ከማይታወቅ ፕሮግራም የሚጠብቅ ሲሆን ከዊንዶውስ 10 የ2017 (እ.ኤ.አ.) መጸው እትም ጀምሮ ያለ ነው፤ ራንሰምዌር ፕሮቴክሽን በሚለው ስር ታገኙታላችሁ፤ ሲመጣ ግን ጠፍቶ ነው። ዶክመንትስን የሚነካካውን ፕሮግራሜን ወዲያው አገደው። ፍላሹ ላይ ያሉትን ፋይሎች ግን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተመዘገቡለትን ፎልደሮች ብቻ ነው። ማንበብንም አይከለክልም፤ ፋይልህን ገልብጦ ለሚወስድ ሰላይ ይህ ግድግዳ አይደለም።

ዲፌንደር ከኤኤስአር ደንቦች ጋር፦ እነዚህ ቫይረሶች የሚያዘወትሯቸውን መንገዶች የሚዘጉ የዲፌንደር ደንቦች ናቸው። በመስኮት የሚበሩ አይደሉም፤ ፓወርሼል በሚባለው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ወይም ኮንፊገር ዲፌንደር በምትባል ነፃ መሣሪያ ነው የሚበሩት። ከደንቦቹ አንዱ ፊርማ የሌለው ፕሮግራም ከፍላሽ እንዳይነሳ ይከለክላል፤ የእኔንም ከለከለው። ሾርትከቱ ግን አለፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ስክሪፕቱን የሚያነሳው የዊንዶውስ የራሱ፣ የማይክሮሶፍት ፊርማ ያለበት ፕሮግራም ነው። ደንቡ ማን ተነሳ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን ታዘዘ ብሎ አይጠይቅም።

ኮሞዶ ፋየርዎል (ሂፕስም ያለው ነፃ ሶፍትዌር)፦ ያለ አንቲቫይረሱ ፋየርዎሉን ብቻ ጫንኩት፤ እንዲህ ሲሆን ዲፌንደር ሥራውን ይቀጥላል። የማያውቀውን ፕሮግራም ኮንቴይነር ውስጥ ነው የሚያስነሳው። ፕሮግራሙ ፋይል የለወጠ ይመስለዋል፣ የለወጠው ግን ቪቲሩት የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ምስል ነው፤ እውነተኛው ፋይል እንዳለ ነው። የሾርትከቱን ስክሪፕትም ለብቻው ለይቶ አየውና ኮንቴይነሩ ውስጥ አስገባው። ሁሉንም ያለ ጥያቄ የያዘው እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ የኮሞዶን ሂፕስ አበራሁ፤ በተለመደው አጫጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ፓራኖይድ የሚለው ላይ ሳደርገው ማሽኑ በጥያቄ ተጥለቀለቀ። ብራውዘር ስከፍት፣ ፕሪንተር ስጭን፣ ፒዲኤፍ ሳነብ፣ ይህ ፕሮግራም ያንን ፕሮግራም ሊነካ ነው፣ ልፍቀድ? ቴክኒሻን ለሆነ ሰው የሚደንቅ መስኮት ነው። ለደንበኞቼ ግን አልጭነውም። ጥያቄው መልሱን ለማያውቅ ሰው ከቀረበ ጥበቃው ያበቃው እዚያው ላይ ነው።

እናንተ ቤተሰባችሁ በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ምን ጭናችኋል?

ሂሩት_ሎግ፦

ናሆም፣ ድካምህ ያስመሰግናል፤ በተለይ እውነተኛ ቫይረስ አለመጠቀምህ። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ ልከራከርህ። በፈተናህ የኮሞዶ ማሸነፍ ከፈተናው አሠራር የመጣ ነው። ኮሞዶ የሚይዘው «አላውቅህም» ብሎ ነው። አንተ የጻፍከውን ፕሮግራም ደግሞ በዓለም ላይ የሚያውቀው የለም። በዚህ ሚዛን ንጹሕ የሆነ የተማሪ ፕሮጀክትም ይታሰራል። ጠባይ አይተው የሚያግዱት መሣሪያዎች ደግሞ ጉዳት የሌለውን ማሳለፋቸው ትክክል ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ፈተና ያስፈልጋል፤ ንጹሕ ፕሮግራሞችን ምን ያህል ያስቸግራል? የአገራችን ሰው የሚጠቀምባቸውን ውሰድ፦ ፓወር ግዕዝን፣ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን፣ የፕሪንተር ድራይቨሮችን። የአማርኛ መጻፊያ በጠባዩ የተጫነውን ቁልፍ ሁሉ ይጠልፋል፤ ለሂፕስ ኪይሎገር (የሚተየበውን ሰርቆ የሚመዘግብ ፕሮግራም) እና የአማርኛ መጻፊያ አንድ ዓይነት ናቸው።

ለጠባይ ፈተና አቶሚክ ሬድ ቲም የሚባል ነፃ ስብስብ አለ፤ ሬድ ካናሪ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ነው ያወጣው። እያንዳንዱ ሙከራ ማይተር አታክ ከሚባለው የሰርጎ ገብ ዘዴዎች ዝርዝር ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰርጎ ገቦች በእውነት የሚጠቀሙበትን ዘዴ አንድ በአንድ ያስመስላል፣ ብዙዎቹም የሠሩትን የሚያጸዱበት ትእዛዝ አላቸው። እሱን ያው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ብቻ አስነሳው።

ሌላው፣ ማስታወሻውን ማንበብ አትተው። ዲፌንደር ያገደውን ሁሉ በኢቨንት ቪወር፣ በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ ይጽፋል። ቁጥር 1121 ኤኤስአር አገደ ማለት ነው፣ 1122 ደግሞ በኦዲት ላይ ሆኖ «ባግድ ኖሮ ይህን አግድ ነበር» ማለት ነው። ለፎልደር ጥበቃው 1123 እና 1124 ናቸው። ማንኛውንም ደንብ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ በኦዲት አስቀምጦ ማስታወሻውን ማየት፣ ከዚያ ወደ ማገድ ማሸጋገር ነው የሚሻለው። ሰውየው ሥራው መሀል ቆሞበት ተበሳጭቶ ጥበቃውን ጠቅላላ ከሚያጠፋው።

ጋሽ_መዝገብ፦

ልጆች፣ ጤና ይስጥልን። የሂሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የጥቂት ነጋዴዎችን መዝገብ ቤቴ ሆኜ እይዛለሁ። ፒችትሪና ፓወር ግዕዝ የሚለውን ሳነብ ስለ እኔ የተጻፈ መሰለኝ። ይህን የፎልደር ጥበቃ የወንድሜ ልጅ አበራልኝና ፒችትሪው ምንም አልሆነም፤ ሲሠራ ነው የሚውለው። ታዲያ ተጠብቄያለሁ ማለት ነው?

ናሆም_ጥገና፦

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልን። ምንም ያልሆነው መረጃዎ ጥበቃው ውስጥ ስለሌለ ይመስለኛል። ፒችትሪ የድርጅቶቹን ፋይል ዶክመንትስ ውስጥ ሳይሆን የራሱ ፎልደር ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ከፋይል ሜኑው ስር የድርጅቱን መረጃ ሲያዩ የተቀመጠበት አድራሻ ይነግርዎታል። ያንን ፎልደር ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ ውስጥ «ፕሮቴክትድ ፎልደርስ» በሚለው ይጨምሩት።

ከጨመሩ በኋላ ፒችትሪው ሊያኮርፍ ይችላል። ፋይሉ ላይ የሚጽፈው ዋናው ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ፐርቬሲቭ የተባለው የዳታቤዝ ሞተር ስለሆነ ሁለቱንም የተፈቀዱ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል። ስሙን መገመት አያሻዎትም፤ ሂሩት የጠቀሰችው 1123 የታገደውን ፕሮግራም ሙሉ አድራሻ ይጽፍልዎታል። የወንድምዎ ልጅ አጠገብዎ ሆኖ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ከምንም በፊት ግን መዝገቡን ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱና ዲስኩን ይንቀሉት።

ሂሩት፣ ክርክርሽን ተቀብያለሁ፤ የንጹሕ ፕሮግራሞቹንም ፈተና ሠራሁ። ፓወር ግዕዝን ኮሞዶ ኮንቴይነር ውስጥ ካስገባው ሌላ ፕሮግራም ላይ አማርኛ መጻፍ አይቻልም። ለተጠቃሚው ፕሮግራሙ የተበላሸ ነው የሚመስለው፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረው የለም። መፍቀድ ይቻላል፤ የተሻለ መፍትሔ ግን ለአዲስ ሰው ዊንዶውስ ራሱ ይዞት የሚመጣውን የአማርኛ ኪቦርድ ማብራት ነው፤ ተጨማሪ ነገር ስለማይጭን ማንንም አያስደነግጥም። ኪይማን የተባለው መጻፊያም ነፃ ነው፣ የአሳታሚ ፊርማም አለው።

ሰብለ_ባሕርዳር፦

ወንድሜ ናሆም፣ እኔ መምህርት ነኝ፤ ስለ ሬጅስትሪ አላውቅም። ልጆቼ፣ ባለቤቴና እኔ አንድ ላፕቶፕ ነው የምንጠቀመው። ተማሪዎቼ የቤት ሥራ በፍላሽ ያመጡልኛል፤ ግማሹ ሾርትከት ሆኖ ነው የሚመጣው። ስማዳቭ የሚባል የፍላሽ አንቲቫይረስ ጭኜ ነበር፣ አንዳንዱን ያጸዳል፣ አንዳንዱን አያየውም። መስኮት ሲመጣ ልጄ «ያለዚያ ጌሙ አይከፈትም» እያለ ሁሉንም ይፈቅዳል። ኢንተርኔታችን በፓኬጅ ስለሆነ ሁልጊዜ አይኖርም። እንደ እኛ ላለ ቤት አንድ ነገር ብቻ አድርጊ ብትሉኝ ምን አደርጋለሁ?

ሂሩት_ሎግ፦

ሰብለ እህቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ከሆነ እኔ የምመርጠው የዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስትን፣ ስክሪፕት የሚያስነሳውን የዊንዶውስ ክፍል፣ መዝጋት ነው። ናሆም ያሳየው ሾርትከት የሚጋልበው በእሱ ላይ ነው። በቤት ኮምፒውተር ላይ የሚያስፈልገው ሰው በጣም ጥቂት ነው። ማይክሮሶፍት ራሱ በእሱ የሚነሳውን ቪቢ ስክሪፕትን ቀስ በቀስ ከዊንዶውስ እንደሚያወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 አሳውቋል። ሬጅስትሪ ውስጥ «ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት» ከሚለው ስር «ሴቲንግስ» አለ፤ እዚያ «ኢኔብልድ» የሚባል ዋጋ ፈጥሮ ዜሮ ማድረግ ነው። አቅራቢያሽ ያለ የጥገና ባለሙያ ወዲያው ይሠራልሻል። ከዚያ በኋላ የተበከለ ሾርትከት ብትነኪ ስክሪፕት ሆስት በዚህ ኮምፒውተር ላይ ተዘግቷል የሚል መልእክት ብቻ ነው የምታዪው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማሽኑን አያዘገይም፣ ለልጅሽም የሚያቀርበው ጥያቄ የለም።

ሾርትከቱ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በፓወርሼል ከመጣ ይህ አይዘጋውም። ስለዚህ ተማሪ ያመጣልሽን ፍላሽ ስትከፍቺ ፎልደር መስሎ ትንሽ ቀስት ያለበትን ምስል አትንኪ። የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ቪው ውስጥ አብሪ፤ «ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን መደበቂያም አንሺ። የልጆቹ እውነተኛ ፋይል ደብዘዝ ብሎ እዚያው ይታይሻል፤ እሱን ቀድተሽ ውሰጂ።

ናሆም_ጥገና፦

በዚህ እስማማለሁ። እኔ የምጨምረው ለልጁ የራሱ አካውንት መክፈትን ነው፤ ስታንዳርድ የሚባለውን፣ አድሚን ያልሆነውን። ከዚያ ሲስተሙን የሚነካ ነገር ሲመጣ የእናቱን ፓስወርድ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚቀርበው መመለስ ለሚገባው ሰው ይሆናል ማለት ነው።

ዮናስ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ከሜሪላንድ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህ ውይይት ደስ አሰኝቶኛል፤ የጎደለው አንድ ጎን ግን አለ። እስካሁን ያወራችሁት ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ጥበቃ ነው። ኔትወርኩ በር ላይ የሚቆምም አለ። እኔ ቤቴ አሮጌ ሚኒ ኮምፒውተር ላይ ኦፒኤንሴንስ የሚባለውን የፋየርዎል ሲስተም ጭኜ፣ በላዩ ትራፊኩን የሚመረምረውን ሱሪካታን አስነስቼ፣ ኢመርጂንግ ትሬትስ በነፃ የሚያወጣውን የደንብ ስብስብ እጠቀማለሁ። ሁሉም ነፃ ነው። የዚህ ሁሉ አባት ስኖርት ነው፤ ማርቲን ሮሽ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀመረው፣ ኩባንያውን ደግሞ በ2013 ሲስኮ ገዛው።

ልሞክር ለሚል የሚጠቅም ነገር ልንገር። ሱሪካታን መጫንና ማገድ ሁለት ናቸው። ሲጫን የሚያየውን ይመዘግባል እንጂ አያስቆምም። አይፒኤስ የሚለውን (የማገጃውን ሁኔታ) ማብራት፣ ከኔትወርክ ካርዱም የሃርድዌር ኦፍሎዲንግ የሚባሉትን ማጥፋት ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ደንቦቹን ሁሉ በአንዴ «አግድ» ማለት ቤቱን ያለ ኢንተርኔት ማስቀረት ነው።

ድክመቱም አይደበቅም። ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ትራፊክ የተመሰጠረ ነው፤ ሱሪካታ ወዴት እንደሄደ ያያል፣ ምን እንደያዘ አያይም። የሰብለን ፍላሽ ደግሞ ጨርሶ አያውቀውም። የሚጠቅመው እንደ ዋናክራይ ላለው ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ያ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ማንም ምንም ሳይነካ ፖርት 445 በሚባለው የኔትወርክ በር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዘል ነበር። መጠገኛው አፕዴት ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ወጥቶ ነበር። በካምፓስ ወይም በሆቴል ዋይፋይ ለሚገናኝ ሰው ቀላሉ መከላከያ ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ እንዲይዘው ማድረግ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ከልቤ ልናገር። እዚህ ውጭ ያለን ሰዎች ጉዳዩ የፎቶኮፒ ቤት ቫይረስ ብቻ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ የኢትዮጵያ መንግሥት ተቃዋሚዎች ላይ የስለላ ሶፍትዌር መላኩን አሳይቷል። የመጣው የአዶቤ ፍላሽ አፕዴት መስሎ በኢሜይል ነው። ተቀባዩ ቪዲዮ ለማየት ብሎ በራሱ ፈቃድ እንዲጭነው ነበር የታሰበው። ናሆም ስለ ጥያቄ መስኮት የጻፈውን ሳነብ ይህ ነው የታወሰኝ። ለመጫን የወሰነ ሰው ሂፕሱ ሲጠይቀው «ፍቀድ» ነው የሚለው። ለእንዲህ ያለው ሰው የማይታወቅን ፕሮግራም ሳይጠይቅ የሚያግድ ያስፈልገዋል፤ በዊንዶውስ 11 ያለው ስማርት አፕ ኮንትሮል ወይም የኮሞዶው ኮንቴይነር ዓይነት። ኮንቴይነሩም ቢሆን መጻፍን እንጂ ማንበብን በራሱ አይከለክልም፤ ምስጢር ያለባቸውን ፎልደሮች «ፕሮቴክትድ ዳታ» ውስጥ ማስገባት ግድ ነው።

ቢኒ_ካምፓስ፦

ወገኖች፣ የእኔ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ዊንዶውሱም ክራክ ነው። 11 አይቀበልም። ኮሞዶ ብጭን ይበቃኛል? ደግሞ ሁለት ሦስት ሂፕስ አንድ ላይ ብጭንስ አይሻልም?

ሂሩት_ሎግ፦

ቢኒ፣ ሁለት ሂፕስ አንድ ላይ አይጫንም። ሁለቱም የፕሮግራም መነሳትን፣ ፋይልንና ሬጅስትሪን የሚጠብቁት ከርነል፣ የዊንዶውስ እምብርት፣ ውስጥ በሚያስገቡት ድራይቨር ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ ሰርጎ ገብ አድርጎ ሊያይ ይችላል። ማሽኑ ሰማያዊ ስክሪን ቢያሳይህ አትደነቅ።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14፣ 2025 አብቅቷል። ለተጨማሪ አንድ ዓመት የደኅንነት አፕዴት መመዝገብ ይቻላል፤ ለዚያ ግን ዊንዶውሱ ሕጋዊ መሆን አለበት። ዲፌንደር የቫይረስ መለያውን ማደሱን ይቀጥላል፤ የሲስተሙን ቀዳዳ ግን አይደፍንም፣ ሂፕስም አይተካውም።

ስለ ክራኩ አንድ ነገር ዛሬውኑ እይ። ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲን ክፈትና «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ተመልከት። ብዙ አክቲቬተሮች ሲጫኑ ዲፌንደርን አጥፋ ይሉሃል፣ ወይም ራሳቸውን «እነዚህን አትመርምር» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ያስገባሉ። እዚያ ያላስገባኸው ፎልደር ካገኘህ፣ ከዚያ ፎልደር የሚነሳውን ሁሉ ዲፌንደር አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ላፕቶፑ 11ን ካልተቀበለ ኡቡንቱን ወይም ሊኑክስ ሚንትን አስብ፤ ነፃ ናቸው፣ ሕጋዊ ናቸው፣ ለካምፓስ ሥራ ይበቃሉ።

ሰለሞን_ፍሬ፦

«ነፃ» የሚለውን ሁሉም ሰው በጥንቃቄ ይመልከት። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኤፍቲሲ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ነፃ አንቲቫይረስ የሚያወጣው አቫስት የተጠቃሚዎችን የብራውዘር መረጃ ጃምፕሾት በተባለ ንዑስ ኩባንያው በኩል ሸጧል ብሎ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጓል። ጃምፕሾት በ2020 ቢዘጋም ነገሩ ትምህርት ነው። የትኛውንም ነፃ ሶፍትዌር ስትጭኑ «ኔክስት» እያላችሁ አትሩጡ፤ ብራውዘር ልቀይር፣ ዲኤንኤስ ልቀይር፣ መረጃ ልላክ የሚሉትን ምልክቶች አንሱ።

ናሆም_ጥገና፦

ከሁላችሁ የተማርኩትን ይዤ ለደንበኞቼ የምጭነውን ወስኛለሁ። ለቤተሰብ ኮምፒውተር ዲፌንደሩ እዚያው ይቆያል፤ በኮንፊገር ዲፌንደር «ሃይ» የሚለው ደረጃ ላይ አደርገዋለሁ፣ ስክሪፕት ሆስትን እዘጋለሁ፣ ስታንዳርድ አካውንት እከፍታለሁ። «ማክስ» የሚለውን ለቤት አልመክርም፤ የማስተካከያ መስኮቱን ሳይቀር ስለሚደብቅ ባለቤቱ አንድ ነገር ልፍቀድ ሲል መግቢያ ያጣል።

ኮሞዶን የምጭነው የብዙ ሰው ፍላሽ ለሚገባበት ማሽን ነው፤ ለፎቶኮፒ ቤት፣ ለጽሕፈት ቤት፣ ለማስታወቂያ ሥራ። ኮንቴይነሩ በርቶ፣ የሂፕስ መስኮቱ ደግሞ «ጥያቄ አታሳይ፣ አግድ» በሚለው ላይ ሆኖ። መጀመሪያ በትሬኒንግ ሁኔታ የሚፈልጉትን ፕሮግራም ሁሉ ከፍተው ይዘጋሉ፣ ከዚያ እቆልፈዋለሁ። ትሬኒንግ ያየውን ሁሉ ስለሚፈቅድ ማሽኑ አስቀድሞ ፎርማት ተደርጎ ንጹሕ መሆን አለበት። አዲስ ፕሮግራም ሲያስፈልግ ይደውሉልኛል።

የሂሩትን አቶሚክ ሬድ ቲም ጀምሬዋለሁ፤ የኤኤስአር ደንቦቹን አንድ በአንድ እያበራሁ የትኛው ደንብ የትኛውን ሙከራ እንዳስቆመ ከማስታወሻ ቁጥሩ ጋር እዚሁ እለጥፋለሁ።

ጋሽ_መዝገብ፦

ናሆም ልጄ፣ እንዳልከው ሆኗል። ፎልደሩን ከጨመርነው በኋላ ፒችትሪው አልጽፍም አለ፤ 1123 ላይ የዳታቤዙ ስም ተጽፎ አገኘነው፣ ፈቀድንለት፣ አሁን ይሠራል። መዝገቡን በውጭ ዲስክ ቀድቼ ነቅዬዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ወር ሲዘጋ ዲስኩን መልሼ ስሰካው የዲስኩን ፎልደር ራሱን ጥበቃው ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ናሆም_ጥገና፦

ይቻላል ጋሼ። ዲስኩ ተሰክቶ ሳለ ፎልደሩን እዚያው ዝርዝር ላይ ይጨምሩት። ዊንዶውስ የሚያስታውሰው በፊደሉ ስለሆነ በሌላ ጊዜ በሌላ ፊደል እንዳይመጣ በዲስክ ማኔጅመንት ቋሚ ፊደል ይስጡት፤ ከመጨረሻዎቹ ፊደላት አንዱን፣ ሌላ ፍላሽ የማይወስደውን።